ተረትና እውነታ፦ በቫይታሚን ክኒን የማይቆም እንቅስቃሴ

ጉዱማሌ ሰው ከሰው የሚተያይበት ሜዳ ነው። በፊቼ ጨምበላላ ሰሞን ሽማግሌው፣ ወጣቱና እናቶች ከየወረዳው መጥተው በሀዋሳ ሐይቅ ዳር ይሰባሰቡበታል። ዩኔስኮ በዓሉን በ2015 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እንዲህ ባለ ቦታ ምንም ሳይበላ አፉ የሚያላምጥ፣ ሳያስበው ምላሱ ብቅ ጥልቅ የሚልበት፣ ጣቶቹ ከበገና ላይ የተቀመጡ ይመስል የማያርፉለት ሰው ቢመጣ ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል። አንዱ ጫት ይዟል ይላል፤ ሌላው ጠጥቷል፤ ሦስተኛው መንፈስ ነው። ሰውየው ግን ለዓመታት የአእምሮ ሕመም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ሲወስድ የኖረ ታካሚ ሊሆን ይችላል። ድምፅ መስማቱ ቆሞለት፣ እንቅልፉ ተመልሶለት፣ ከሰው መቀላቀል በጀመረበት ጊዜ ከሰው የሚያርቅ ሌላ ጣጣ መጣበት።

ቤተሰብ ይህን ሲያይ ዝም አይልም። አንዱ ዘመድ ከመድኃኒት ቤት ቢ ኮምፕሌክስ ይዞ ይመጣል። ሌላው ለአሜሪካው ወንድሙ ይደውልና የቫይታሚን ኢ ጠርሙስ በሰው ሻንጣ ያስመጣል። «ነርቭ ነው፤ ነርቭን የሚያጠነክር ይውሰድ» ይባላል። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ደግሞም ከባዶ የተነሣ አይደለም፣ ከጀርባው እውነተኛ የምርምር ታሪክ አለ። ችግሩ ታሪኩ ከእኛ ዘንድ የደረሰው ግማሹ ብቻ መሆኑ ነው። ቀሪው ግማሽ ደግሞ ገንዘብም ጤናም የሚያድን ነው።

ተረት፦ «መድኃኒቱ ሰውነቱን አስሮታል፤ መንቀጥቀጡም መጣመሙም ሁሉም ያው ነው»

ያው አይደለም። ከሁሉም በፊት መታረም ያለበት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ለአንዱ ዓይነት የሚሆነው መፍትሔ ሌላውን ያባብሳል።

እንደ ሀሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን ወይም በየወሩ ገደማ እንደሚሰጠው የፍሉፌናዚን መርፌ ያሉት መድኃኒቶች አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለው ኬሚካል የሚቀመጥባቸውን መቀበያዎች ይዘጋሉ። ቅዠቱንና የተሳሳተውን እምነት የሚያረግቡት በዚህ መንገድ ነው። ይሁንና ያው ዶፓሚን የሰውነትን እንቅስቃሴ የሚያስተካክለውን የአንጎል ክፍልም ያገለግላል፤ የእሱ ሥራ ሲጓደል እንቅስቃሴ ይዛባል። መዛባቱ አራት መልክ አለው፤ አራቱ የሚለያዩት ከሁሉ በላይ በሚመጡበት ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ በጨመረ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ድንገት ይመጣል። አንገት ወደ ጎን ይጣመማል፣ ዓይን ወደ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል፣ መንጋጋ ይቆለፋል፣ ምላስ ይወፍራል። በወጣት ወንዶች ላይ ይበዛል። ቤተሰብ ከሁሉ በላይ የሚደነግጠው፣ ታካሚውን ከሆስፒታል ይልቅ በቀጥታ ወደ ጸበል ወይም ወደ ጸሎት ቤት የሚወስደውም በዚህኛው ነው። ሲያዩት ያስፈራል፤ ግን ከአራቱ ሁሉ በቶሎ የሚድነው እሱ ነው፤ ተገቢው መርፌ ከተሰጠ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል። ጉሮሮን ከያዘና መተንፈስ ካቃተ ግን አንድ ደቂቃም የማይባክንበት ድንገተኛ ነው።

ሁለተኛው መቁነጥነጥ ነው። ታካሚው መቀመጥ ያቅተዋል፤ ይነሣል፣ ይራመዳል፣ እግሩን ይቀያይራል፣ ከውስጥ የሚበላው ነገር እንዳለ ይናገራል። ይህን «ሕመሙ ተነሣበት» ብሎ መተርጎም የተለመደ ስሕተት ነው፤ መዘዙም ከባድ ነው፣ መጠኑ ይጨመርለትና መቁነጥነጡ ይብሳል። ሦስተኛው በሳምንታት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚመጣው መንቀጥቀጥ፣ መገተርና የፊት ገጽታ መጥፋት ነው፤ የፓርኪንሰን በሽታን ይመስላል።

አራተኛው ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ያየነው ነው፤ የአፍ፣ የምላስ፣ የጉንጭ፣ የጣትና አልፎ አልፎ የወገብ ያልታዘዘ እንቅስቃሴ። በሕክምና ታርዲቭ ዲስኪኔዢያ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለሦስት ወራት መድኃኒት ከተወሰደ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም ከዓመታት በኋላ ይመጣል። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ላይጠፋ ይችላል። አንጎል መቀበያዎቹ ለረጅም ጊዜ ሲዘጉበት ለምዶ፣ ለዶፓሚን ከልክ በላይ ንቁ ይሆናል ተብሎ ይታሰባል። ሴቶች፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎችና የስኳር ሕመምተኞች ይበልጥ ይጋለጣሉ። የቫይታሚን ተስፋ የተንጠለጠለው በዋናነት በዚህ በአራተኛው ላይ ነው።

ተረት፦ «ቫይታሚን ኢ ይህን ያስተካክላል፤ ፈረንጆቹም አረጋግጠውታል»

ክሎርፕሮማዚን በ1952 ፓሪስ ውስጥ የአእምሮ ሕሙማንን ማከም ሲጀምር የሕክምናው ዓለም ተደሰተ፤ ሀሎፔሪዶልም በ1958 ቤልጂየም ውስጥ ተሠራ። የአፍ እንቅስቃሴው ግን ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ታየ፤ በ1957 ጀርመን ውስጥ ተዘግቧል፣ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያገኘው ደግሞ በ1964 ነው። መፍትሔ ግን ለአሥርተ ዓመታት ጠፋ። ሐኪሞች ራሳቸው በሰጡት መድኃኒት የመጣን ጉዳት ማንሣት አቅቷቸው የተጨነቁበት ጊዜ ነው።

በዚህ መሐል አንድ አሳማኝ ሐሳብ መጣ። መቀበያዎቹ ሲዘጉ አንጎል ዶፓሚንን ይበልጥ ያመርታል፣ ይበልጥም ያቃጥላል፤ ከዚህ ቃጠሎ የሚወጡት ጎጂ ቅንጣቶች የነርቭ ሕዋሳትን ያቆስላሉ። እንቅስቃሴን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ብረት ስለሚበዛበት ለዚህ ጉዳት ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ቫይታሚን ኢ ደግሞ ስብ ውስጥ ገብቶ እነዚህን ቅንጣቶች የሚያከሽፍ ነው። እንግዲያው በብዛት ቢሰጥስ? በ1987 በ15 ታካሚዎች ላይ የተደረገ ሙከራ እንቅስቃሴው በግልጽ እንደቀነሰ ዘገበ። ተከታዮቹ ትንንሽ ሙከራዎች ተከፋፈሉ፤ ከፊሉ ረዳ አለ፣ ከፊሉ አልረዳም አለ። በውጭ አገር ክሊኒኮች ቫይታሚን ኢ ማዘዝ የተለመደው፣ ወሬው እኛም ዘንድ የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው።

ቁርጡን የለየው በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የተደረገውና በ1999 የታተመው ትልቅ ጥናት ነው። 158 ታካሚዎች ተሳተፉ። ከፊሎቹ በቀን 1600 ዓለም አቀፍ አሃድ ቫይታሚን ኢ፣ ቀሪዎቹ ምንም የሌለበትን ተመሳሳይ ክኒን ወሰዱ፤ ማን የትኛውን እንደወሰደ ታካሚውም መርማሪውም አያውቅም ነበር። ክትትሉ እስከ ሁለት ዓመት ዘለቀ። በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። እኔ ይህን ጥናት እንደ ውድቀት አላየውም፤ ለታካሚው የሚያስብ ሳይንስ ማድረግ ያለበትን አደረገ፣ ሁሉም እንዲሠራ የተመኘውን ነገር ራሱ ፈትኖ እውነቱን ተናገረ።

ከዚያ በኋላ ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የማስረጃ ገምጋሚ ቡድን በ2018 ባወጣው ግምገማ 13 ሙከራዎችን፣ በጠቅላላው 478 ሰዎችን፣ አንድ ላይ አድርጎ መዘነ። ቫይታሚን ኢ የመጣውን እንቅስቃሴ በሚታይ ደረጃ እንደሚቀንስ የሚያሳይ ነገር አላገኘም። እንዳይባባስ ሊያግዝ እንደሚችል የሚጠቁም ጭላንጭል አለ፤ እሱም የመጣው ከጥቂት ሰዎችና ደካማ ከሆኑ ጥናቶች ነው። «ፈረንጆቹ አረጋግጠውታል» የሚለው ወሬ ይህን ጭላንጭል ነው ፀሐይ ያደረገው።

መጠኑንም ልብ በሉት። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ቫይታሚን ኢ 15 ሚሊግራም ገደማ ነው። በጥናቱ የተሰጠው እንደ ቫይታሚኑ ዓይነት ከ48 እስከ 71 እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ «ከሲዳማ አቮካዶ አብዝቶ ይብላ» የሚለው ምክር ለሆድም ለልብም ጥሩ ምክር ቢሆንም ጥናቶቹ ከፈተኑት ነገር ጋር አይገናኝም። ክኒኑን አብዝቶ መዋጥ ደግሞ ያለ ዋጋ አይደለም። ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ኢ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው አደገኛ ነው። ከ35,000 በላይ ወንዶች በተሳተፉበት ሌላ ትልቅ ጥናት በቀን 400 አሃድ የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ የፕሮስቴት ካንሰር በ17 በመቶ በዝቶባቸው እንደነበር በ2011 ታውቋል። 400 አሃድ ከውጭ በሚመጡት ጠርሙሶች ላይ በብዛት የሚነበበው ቁጥር ነው።

ተረት፦ «ቢ6 የነርቭ ቫይታሚን ነው፤ ቢበዛ በሽንት ይወጣል እንጂ አይጎዳም»

ቢ6ን በአገራችን የሚያውቀው ብዙ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የጀመረ ሰው ከአይሶኒያዚድ ጋር ይሰጠዋል፤ አይሶኒያዚድ የሰውነትን ቢ6 ስለሚያሟጥጥና እግርና እጅ ስለሚያደነዝዝ ነው። በዚህ ቦታ ቢ6 ትክክለኛ መድኃኒት ነው፤ የጎደለውን ይሞላል። የቢ መርፌም በየክሊኒኩ ድካም ለተሰማው፣ ወገቡን ላመመው፣ ለደነዘዘው ሁሉ ሲሰጥ ስላየን «ነርቭ» የሚለው ቃል በተነሣ ቁጥር ቢ6 አብሮ ይነሣል። የአፍ እንቅስቃሴው ግን የመጣው ቢ6 ጎድሎ አይደለም።

እንዲያም ሆኖ ለዚህ ቫይታሚን ጥናቱ ከቫይታሚን ኢ የተሻለ ተስፋ አሳይቷል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። እስራኤል ውስጥ በ2001 በ15 ታካሚዎች ላይ በቀን 400 ሚሊግራም፣ በ2007 ደግሞ በ50 ታካሚዎች ላይ በቀን 1200 ሚሊግራም ተሞክሮ፣ ከባዶው ክኒን ይልቅ እንቅስቃሴውን ቀንሷል። ለመቁነጥነጥም በ2004 በ20 ሰዎች ላይ ለአምስት ቀናት በ600 ሚሊግራም ተሞክሮ የተወሰነ ማሻሻል ታይቷል። ኮክሬን በ2015 የቢ6ን ጉዳይ ሲመረምር ለአፍ እንቅስቃሴው የተደረጉ ሦስት ሙከራዎችን ብቻ አገኘ፤ ተሳታፊዎቹ ሁሉ ተደምረው 80 ናቸው፣ የማስረጃውም ጥራት ዝቅተኛ ነው። የቫይታሚን ኢ ታሪክ እዚህ ላይ ሊያስተምረን ይገባል፤ እሱም በ15 ሰዎች ላይ ተስፋ ሰጥቶ በ158 ሰዎች ላይ ጠፍቷል። ቢ6 እንዲህ ያለ ትልቅ ፈተና ገና አልቀረበለትም።

እንግዲህ «ምን ይጎዳል፣ ይሞክረው» ለሚለው መልስ አለ። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ቢ6 1.3 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ 1200 ሚሊግራም ከ900 እጥፍ በላይ ነው። በውኃ የሚሟሟ ቫይታሚን ስለሆነ ትርፉ በሽንት ይወጣል የሚለው አባባል በ1983 ፈርሷል። በዚያ ዓመት ሰባት ሰዎች በቀን ከ2 እስከ 6 ግራም ቢ6 ለወራት ወስደው እግራቸውና እጃቸው ደንዝዞ፣ ሲራመዱ እየተንገዳገዱ ሐኪም ዘንድ እንደቀረቡ ተዘገበ። በኋላም በቀን 200 ሚሊግራም በሚሆን መጠን የተጎዱ ሰዎች ታይተዋል። የአሜሪካ ባለሙያዎች ለአዋቂ በቀን ከ100 ሚሊግራም እንዳያልፍ ወሰኑ፤ የአውሮፓው የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2023 ጣሪያውን ወደ 12 ሚሊግራም አወረደው። አፉ ያለ ፈቃዱ የሚንቀሳቀስበትን ሰው በጨለማ መሬት የማይረግጥ ማድረግ ምን ዓይነት እርዳታ ነው?

አንድ ነገር ልጨምር። ቫይታሚን የአእምሮ ሕክምና ውስጥ ምንም ቦታ የለውም እያልኩ አይደለም። የቢ12 እጥረት ራሱ የአእምሮ ሕመም የሚመስል ነገር ያመጣል፤ አልኮል አብዝቶ ለሚጠጣ ሰው ቢ1 ሕይወት ያድናል። ሆኖም እነዚህ የታወቀ ጉድለት የሚሞሉ ናቸው፤ ጉድለቱ ይመረመራል፣ ይሞላል። «ቫይታሚን ስለሆነ» ተብሎ ለሁሉ የሚሰጥ ነገር ሌላ ነው።

ተረት፦ «እኛ አይተናል፤ ከወሰደ በኋላ ተሻለው»

ይህን የሚሉ ሰዎች አይዋሹም። የአፍ እንቅስቃሴው ባሕርይ ራሱ ነው የሚያሳስተው። ሰውየው ሲጨነቅ፣ ሰው ሲያየው፣ ሲደክመው ይብሳል፤ ሲረጋጋ ይቀንሳል፤ ሲተኛ ፈጽሞ ይጠፋል። ከሳምንት ሳምንትም ከፍና ዝቅ ይላል። ቤተሰብ ጠርሙስ ፍለጋ የሚሯሯጠው ደግሞ በባሰበት ሳምንት ነው። ከባሰበት ሳምንት ቀጥሎ የሚመጣው ሳምንት፣ ምንም ባይደረግም፣ ብዙ ጊዜ የተሻለ ይሆናል፤ ምስጋናውን ቫይታሚኑ ይወስዳል። ባዶ ክኒን በወሰዱ ሰዎች ላይ ማሻሻል የሚታየውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ትላልቆቹ ጥናቶች ሁለት ቡድን ያደረጉት ለዚህ ነው።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ፤ ይህኛው አደገኛ ነው። የሀሎፔሪዶሉ መጠን ሲጨመር እንቅስቃሴው ለጊዜው ይደበቃል፤ መቀበያዎቹ ይበልጥ ስለሚዘጉ ነው። ወራት ሲያልፉ ግን ከቀድሞው ብሶ ይወጣል። ዶዙ ተጨምሮ በዚያው ሰሞን ቫይታሚን የጀመረ ሰው «ቫይታሚኑ አዳነኝ» ቢል ማን ይፈርድበታል?

የጠርሙሱም ነገር አለ። በ1994 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የምግብ ማሟያዎች ከመሸጣቸው በፊት፣ መድኃኒት እንደሚጠየቀው፣ መሥራታቸውን እንዲያስመሰክሩ አያስገድድም። ስለዚህ ከአሜሪካ መምጣቱ ብቻውን ለምንም ነገር ምስክር አይደለም። ለጠርሙሱ የሚወጣው ገንዘብ፣ ከሲዳማ ገጠር ወደ ሀዋሳ ለክትትል ለሚመጣ ቤተሰብ የትራንስፖርትና የክኒን ገንዘብ ነው።

ተረት፦ «አርቴን ከወሰደ ሁሉም ይስተካከላል»

ትራይሄክሲፌኒዲልን ታካሚዎችም ነርሶችም አርቴን ይሉታል። ለተጣመመ አንገት፣ ለመገተርና ለመንቀጥቀጥ በእርግጥ ይሠራል፤ በዚህ ብዙ ሰው ከጭንቀት ወጥቷል። ይሁን እንጂ ለአፍ እንቅስቃሴው ለታርዲቭ ዲስኪኔዢያ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ያባብሰዋል፤ ለመቁነጥነጥም የሚረዳበት ማስረጃ ደካማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ይህን ዓይነት መድኃኒት ለመከላከያ ብሎ ለሁሉም አብሮ መስጠትን አይመክርም፤ ሲያስፈልግ ለአጭር ጊዜ ነው። እንደ ጨው በሁሉ ላይ መነስነሱ አፍ ያደርቃል፣ ጥርስ ያበላሻል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ይይዛል፣ አረጋውያንን ያቃዣል፤ ሱስ የሚሆንባቸውም አሉ። አፉ ከሚንቀሳቀስ ሰው ላይ አርቴን በሐኪም ምክር ቀስ ተብሎ ሲቀነስ እንቅስቃሴው የሚቀንስበት ጊዜ አለ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ሳይሞከር ለቫይታሚን ብር ማውጣት ያሳዝናል።

ተረት፦ «ይህ የሚመጣው ከአእምሮ መድኃኒት ብቻ ነው፤ ከድሮዎቹ ብቻ ነው»

ሁለቱም አይደለም። ለማስታወክ የሚሰጠው ፕላሲል፣ ማለትም ሜቶክሎፕራማይድ፣ ያንኑ የዶፓሚን መቀበያ ስለሚዘጋ አንገት ያጣምማል፣ ያቁነጠንጣል፤ ለወራት ከተወሰደም የአፍ እንቅስቃሴ ያመጣል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2009 በዚህ መድኃኒት ላይ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ አዟል። የአእምሮ ሕመም ኖሮበት የማያውቅ ሰው ፕላሲል ተወግቶ አንገቱ ቢጣመም ያው ዓይነት ችግር፣ ያው ዓይነት መፍትሔ ነው። እንደ ሪስፔሪዶንና ኦላንዛፒን ያሉት አዳዲሶቹም ቢሆኑ ነጻ አይደሉም። በ2017 የታተመ የጥናቶች ድምር የአፍ እንቅስቃሴውን የድሮዎቹን ከሚወስዱት በ30 በመቶው፣ አዲሶቹን ከሚወስዱት ደግሞ በ21 በመቶ ገደማው ላይ አግኝቷል። ሆኖም አዲሶቹን ከሚወስዱት ብዙዎቹ ቀድሞ የድሮዎቹን ሲወስዱ የቆዩ ናቸው።

ተረት፦ «እንግዲያው መድኃኒቱን መተው ነው»

ይህ ከሁሉም ተረት የበለጠ የሚያስፈራኝ ነው፤ ምክንያቱም ከእውነት ጋር ተጣብቆ ይመጣል። አዎ፣ እንቅስቃሴውን ያመጣው መድኃኒቱ ነው። ድንገት ሲቋረጥ ግን ሁለት ነገር ይሆናል። የአፍ እንቅስቃሴው ለሳምንታት ሊብስ ይችላል፤ ተደብቆ የነበረው ይወጣልና። ሕመሙም ይመለሳል።

ያለ መድኃኒት የሚኖር ስኪዞፍሬኒያ (ቅዠትና የተሳሳተ እምነት የሚያመጣው የአእምሮ ሕመም) ምን እንደሚመስል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ ወደ ሀዋሳ በሚወስደው አቅጣጫ ብዙም ሳይርቁ ባለችው ቡታጅራ፣ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከ1998 ጀምሮ 68,378 ሰዎችን ቤት ለቤት መርምረው ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን 321 ሰዎች ለይተው ነበር። ከእነዚህ ቀደም ሲል መድኃኒት ያገኙት ከአሥር በመቶ በታች ነበሩ። ከሁለት ሦስተኛው በላይ ሕመሙ ፋታ ሳይሰጥ የሚቀጥል ሆኖባቸው ነበር። መድኃኒቱ ጉዳት አለው ስንል ይህን ሌላውን ጉዳትም አብረን መመዘን አለብን፤ በሰንሰለት የታሰረውን፣ ከቤት ወጥቶ የጠፋውን፣ ያለ ጊዜው የሞተውን።

መቀነስም መቀየርም ይቻላል፤ ግን በሐኪም እጅ፣ በወራት ውስጥ፣ ቀስ በቀስ። ጸበል መጠመቅም ሆነ መጸለይ ከዚህ ጋር አይጣላም። መድኃኒቱን ትቶ የሚጠመቅ ሰው ግን የቤተሰቡን ሸክም ያከብዳል፤ ይህን የሚሉ አባቶችም ፓስተሮችም አሉ፣ ቢበዙልን ደስ ይለኛል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው እርምጃ ገንዘብ አያስወጣም። በ1976 በአሜሪካ የተዘጋጀ አጭር የምርመራ ዘዴ አለ፤ ወንበርና አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ይጠይቃል። ታካሚው ይቀመጣል፣ አፉን ይከፍታል፣ ምላሱን ያወጣል፣ አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በየተራ ያጋጫል፣ ተነሥቶ ይራመዳል፤ መርማሪው በየቦታው ያየውን እንቅስቃሴ በነጥብ ይመዘግባል። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ይሠራዋል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2020 መመሪያው ለተጋላጮች ቢያንስ በየስድስት ወሩ፣ ለሌሎች በየዓመቱ እንዲደረግ ይመክራል። በጊዜ የተያዘ እንቅስቃሴ የመመለስ ዕድሉ ይሻላል፤ ለዓመታት የቆየው ግን ይሰነብታል። ይህ ምርመራ በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለክትትል ለሚመጣውም፣ በወረዳ ጤና ጣቢያ መርፌውን ለሚወስደውም መደበኛ ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ። ካልተደረገላችሁ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።

ከዚያ ሐኪሙ ያሉት አማራጮች እንደ ዓይነቱ ይለያያሉ። ለመቁነጥነጥ መጠኑን መቀነስ ወይም ፕሮፕራኖሎል መጨመር አለ። ለአፍ እንቅስቃሴው አርቴንን መቀነስ፣ ዋናውን መድኃኒት ሕመሙ ሳይነሣ ወደሚቻለው ዝቅተኛ መጠን ማውረድ፣ ወይም ወደ ሌላ መቀየር፤ ክሎዛፒን ለአንዳንዱ ጥሩ ይሆናል፣ ግን ተከታታይ የደም ምርመራ ይፈልጋል። በ2017 አሜሪካ ውስጥ ቫልቤናዚንና ዱቴትራቤናዚን የተባሉ ለዚሁ ችግር የተፈቀዱ መድኃኒቶች ወጥተዋል፤ በትላልቅ ጥናቶችም እንቅስቃሴውን ቀንሰዋል። በአሜሪካ ዋጋቸው በወር በሺዎች ዶላር የሚቆጠር ስለሆነ ለሀዋሳ ታካሚ ዛሬ ቅርብ አይደሉም፤ ግን ለአሜሪካው ወንድም ስለ ጠርሙስ ከመደወል ይልቅ ስለ እነዚህ መጠየቅ የተሻለ ጥያቄ ነው።

ሰውነቱ እንደ እንጨት ደርቆ ትኩሳት ከተነሣበት፣ ላብ ካጠመቀውና ግራ ከተጋባ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። ይህ ሌላ፣ ብርቅ ግን ገዳይ የሆነ የመድኃኒቱ ጉዳት ነው፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰዳል።

ለተራው ቀጠሮ የሚረዳ ነገር በኪሳችሁ አለ። እንቅስቃሴው ሐኪም ፊት ሲደርስ ሊደበቅ ስለሚችል፣ ታካሚውን አስፈቅዳችሁ ቤት ውስጥ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። መቼ እንደጀመረ፣ መድኃኒቱ ወይም መጠኑ መቼ እንደተቀየረ፣ በተኛበት እንደሚቆምና እንደማይቆም ጻፉ። የሚወስደውን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ፕላሲሉንም፣ አርቴኑንም፣ ከሻንጣ የወጣውን የቫይታሚን ጠርሙስም፤ ሐኪሙ ጀርባው ላይ የተጻፈውን መጠን ያንብብ።